በቀይ ሳይጻፍ የቀረው ስም

ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው» ባለን ዕለት፣ ገና ከሆስፒታሉ ግቢ ሳንወጣ አባቴ አንድ ነገር ለመኑኝ። በጎረምሳነታቸው በእጃቸው የጻፉት የብራና መጽሐፍ አለ፤ ዓይናቸው ፈጽሞ ሳይከደን አንድ ጊዜ ወስጄ እንዳሳያቸው ነው። መጽሐፉ ያለው ጣና ዳር፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እኛ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እንደ ልማዴ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። ሕመሙ ከጀመራቸው ስንት ዓመቱ ነው፤ «ጭስ ነው፣ እርጅና ነው» እያሉ ሲደብቁን ኖረው፣ አሁን በመጨረሻዋ ሰዓት ሐይቅ ዳር ውሰጂኝ ይሉኛል።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር የሚጽፉ። ከደብረ ኤልያስ ገጠር ተነሥተው ለትምህርት ወደ ሐይቁ ወርደው ስድስት ዓመት ቆይተዋል። ያንን መጽሐፍ፣ ተአምረ ማርያምን፣ የጻፉት ያኔ ነው። ኋላ አገራቸው ተመልሰው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሆኑ፤ መቃ የለመደ እጃቸው ማኅተም ሲመታ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እኔ የእጃቸውን ጽሕፈት የማውቀው በየዓመቱ መስከረም የደብተራችንን ሽፋን ሲጽፉልን ነው። ስማችን በእሳቸው እጅ ሲሰፍር የትልቅ ሰው ስም ይመስል ነበር። መቃውን ግን ለወንድሞቼ እንጂ ለእኔ አስይዘውኝ አያውቁም፤ ይቺን ቂም እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ዕቃችንን ሸክፈን መልሰን ፈታን። በሦስተኛው፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወጣን። አባቴ በዚያን ጊዜ የሚያዩት በሸንበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር፤ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ክብ ትታያቸዋለች፣ ዙሪያው የለም። ደንበጫ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወርደን ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ አስቀመጡትና ተሰበረ። «ጠረጴዛው ያዘነበለ ነው» አሉ። ጠረጴዛው ቀጥ ያለ ነበር። ጭናቸው ላይ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር ይዘው ነበርና ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ። ምንድን ነው ብላቸው ዕቃ ነው አሉ። ዕቃ መሆኑማ ለእኔም ይታየኛል።

ባሕር ዳር አድረን ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ያዝን። ጀልባ ነጂው ገና ሳንቀመጥ ሕጉን ነገረን፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል፣ ያልመጣ እዚያው ይደር። አብረውን ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ወጣቶች ነበሩ። ውሃው ዝም ብሏል፤ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከሩቅ በውሃው ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች በሰልፍ ያልፋሉ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ሲያነሡ፣ አንዷ ልጅ ወደ አባቴ ዞር ብላ «አባባ፣ ይዩት እንጂ፣ እንዴት እንደሚያምር» አለች። አባቴ በትሕትና አንገታቸውን ወዳላሳየቻቸው ወገን አዙረው «ያምራል» አሉ። ያቺን ልጅ እስከ ወደቡ ድረስ ጠላኋት። ምንም አላጠፋችም።

መንደሯ የዛፍ ጥላ የወረሳት ናት። ከወደቡ ጀምሮ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ በቡናው መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ ጦጣዎች ከላይ ሆነው የሰውን እጅ ያያሉ፤ ግራና ቀኙ ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀልና ብራና ላይ የተሣለ ሥዕል የሚሸጥበት ነው። አንዲት ሻጭ «የጥንት ነው» ብላ ቁራጭ ብራና ለአባቴ አስያዘቻቸው። በአውራ ጣታቸው አሻሽተው «የጥንትስ አይደለም፤ ፍየሉ ባለፈው ዓመት በሕይወት ነበር። ጠጉሩም በደንብ አልተፋቀም» ብለው መለሱላት። ከዚያች ደቂቃ በቀር ያን ቀን አልሳቅኩም።

ከበሩ ላይ አንድ አስጎብኚ ተቀበለን፤ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ጎልማሳ፣ የሚናገረውን በቃሉ የያዘ ሰው። አባቴ ሊጎበኙ እንዳልመጡ፣ እዚሁ ተምረው እዚሁ ሲጽፉ እንደኖሩ ሊያስረዱት ሞከሩ። ሰውዬው ግን ከጀመረው አይመለስም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ የግድግዳው ሥዕል፣ ሲመታ እንደ ብረት የሚጮኸው የድንጋይ ደወል፣ ነገሥታት የሰጡት ዘውድ፤ ሁሉንም ነገረን። አባቴ በዚያ ደወል ስድስት ዓመት ሙሉ ለኪዳን እንደተነሡ ሲነግሩት «አዎ፣ እሱ ነው» አለና ቀጠለ። በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ቪው ነው፣ ከላይ ሐይቁ በሦስት በኩል ይታያል፣ ሳያዩ የሄዱ ይቆጫቸዋል አለን። መጽሐፉን እንጂ ቪውን አልፈለግንም አልኩት። መጽሐፍ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ነግሮኝ ወደ ወጣቶቹ ሄደ።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ተቀምጠው አገኘናቸው። መልካም ሰው ናቸው፤ አባቴን ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደምንፈልግ ወዲያው ገባቸው፣ በደኅና እንዳለም ነገሩን። ችግሩ በሩ ነው። የዕቃ ቤቱ በር ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በእሳቸው እጅ፣ አንዱ በደብሩ አስተዳዳሪ፣ አንዱ ምእመናኑ በመረጡት ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ካልቆሙ አይከፈትም። አንዱ ሌባ ቢሆን ሁለቱ እንዲይዙት የተሠራ ጥበብ ነው፤ ሳስበው ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። አስተዳዳሪው ባሕር ዳር ስብሰባ ሄደዋል፤ እኛ በመጣንበት ውሃ ገና ሊመለሱ ነው። ሽማግሌው ከሐይቁ ማዶ ተዝካር ሄደዋል። ሽማግሌው ስልክ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አላቸው፤ ግን የሚከፍቱት ራሳቸው መደወል ሲፈልጉ ብቻ ነው።

ጠብቁ ተባልን፤ ጠበቅን። አባቴ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቋጠሯቸውን አቅፈዋል። ከቤት የያዝኩትን ዳቦ ባወጣላቸው መጽሐፉን ሳልነካ እህል አልቀምስም አሉ። ውኃም አልጠጡም። እኔ ከደወሉ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ደወሉ ስመላለስ ቄሰ ገበዙ አይተውኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ» አሉኝ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ጀልባው ይሄዳል አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በዚህ መካከል ያ አስጎብኚ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ዝም ብላችሁ ከምትቀመጡ ቪውን ላሳያችሁ አለን። በሁለተኛው አባቴ ሰውዬውን ላለማሳፈር ብለው ተነሡ። አንድ ጠረፍ ላይ አቁሞ በጣቱ ደሴቶቹን እየቆጠረ ሲያሳያቸው፣ ወደ ጣቱ ጫፍ ትክ ብለው ያያሉ፤ ምናልባት ጣቱ ታይቷቸው ይሆናል። የሚጠፋ ዓይን ይዞ የመጣ ሰው ከሁሉ ማየት የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው። እሱ በሦስት ቁልፍ ተቆልፎበት፣ ማንም ያልለመነው ሐይቅ በሦስት በኩል ይሰጠዋል። ይኼንን ለአስጎብኚው ጮክ ብዬ ነገርኩት። አባቴ እጄን ቆነጠጡኝ፤ የአርባ አራት ዓመት ሴት ነኝ።

ስንመለስ ቋጠሮውን ፈቱልኝ። ውስጡ አንድ መቃ ብዕር፣ ቢላ፣ አፉ በሰም የተደፈነ ትንሽ ቀንድ ነበር። ቀንዱ ውስጥ ቀይ ቀለም አለ። ሌሊት ሌሊት ጓዳ ሲንጎዳጎዱ የከረሙት ለዚህ ኖሯል። ምን ሊያደርጉ እንደመጡ የነገሩኝ ያኔ ነው፤ ለማየት ብቻ አልነበረም።

መጽሐፉን ያጻፈችው የዚያች መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ እሷንም ወባ ወሰደባት። መጽሐፉን በልጇ ስም ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ ነው ያስጻፈችው። ተአምረ ማርያም በየተአምሩ መጨረሻ ምርቃት አለው፤ የእመቤታችን ጸሎትና በረከት ከአገልጋይዋ ከእገሊት ጋር ይሁን የሚል። የእገሊት ስም በቀይ ይጻፋል። ጸሐፊ ጥቁሩን ሲጽፍ የስሙን ቦታ ባዶ እየተወ ያልፋል፤ ጥቁሩ ሲያልቅ ሌላ መቃ ይዞ ይመለስና ባዶውን ሁሉ በቀይ ይሞላል። አባቴ እንዲሁ ሲሞሉ መጥተው አብረው ከሚሰፉት የብራና እጥፎች የመጨረሻው ጥራዝ ላይ ሲደርሱ ቀይ ቀለማቸው አለቀ። አምስት ቦታ ቀርቷቸው ነበር። ቀለም ማዘጋጀት ጥቂት ቀናት ይፈጃል። ያን ሳይጠብቁ መጽሐፉን ጠርዘው አስረከቧት፤ ሴትዮዋ ፊደል ስላልቆጠረች አልቋል አሏት። እሷም ተቀብላ፣ ስማ፣ በራሷ ተሸክማ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠች።

ለምን እንደዚያ አደረጉ ብዬ ጠየቅኳቸው። አባታቸው ታመው መልእክት መጥቶባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ መቃውን ጣታቸው ላይ እያዞሩ ቃላቸውን አረሙ።

«መልእክቱ የመጣው መጽሐፉን ካስረከብኩ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሰልችቶኝ ነው፣ ልጄ።»

በሕይወቴ ሙሉ ያንድ የደብተር ስም ቢጣመምባቸው ገጹን ቀደው እንደገና የሚጽፉ ሰው ናቸው። ንዴቴ ግን ወደ እሳቸው አልዞረም፤ ወደ ቁልፎቹ ዞረ። አሁን ነገሩ ገብቶኛል፤ የቀራቸው ብርሃን አምስት ስም ለመጻፍ ይበቃል ወይም አይበቃም፣ እሱም ዛሬ ከአሥር ሰዓት በፊት ነው።

አስተዳዳሪው ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። ሁለት ቁልፍ ሆነ። ሽማግሌውን ለማየት ወደ ወደቡ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲል አንድ ታንኳ ከማዶ ብቅ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ማንም እንደማይጠብቀው ሁሉ። ሽማግሌው ወርደው እግራቸውን ታጠቡ። ከዚያ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ እኛ ወጡና እያንዳንዳችንን ሰላምታ ሰጡ፤ ደብረ ማርቆስ ደኅና ነው ወይ፣ ዝናቡ ደኅና ነው ወይ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ትምህርት ቤቱ። እኔ ሁሉም ደኅና ነው፣ ሁሉም ደኅና ነው እያልኩ ወደ በሩ እየገፋኋቸው ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ ግን የሐይቁን፣ የቡናውንና የዓሣውን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁ።

ሦስቱ ቁልፎች ገቡ። ሴት ዕቃ ቤት አትገባምና ከውጭ ቆምኩ። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ አቅፈው አውጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ አትሮንሱ ላይ አሳረፉት። አባቴ ተሳለሙት፤ አሸተቱት፤ ቆዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ ከኋላ ከፍተው ጥራዙን በጣታቸው እየለዩ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ብራናውን እስኪነካ አስጠግተው፣ ያችን የዓይናቸውን ትንሽ ክብ ከመስመር መስመር አንሸራተቱ። «እዚህ ጋ ነው» አሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንዲህ ያለ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ፊደል በራሱ የቆመ፣ ሰልፉን ያልሳተ። በመካከሉ ግን አንድ ቃል የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ገልጠን ሄድን፤ አምስቱም ባዶ ናቸው።

አባቴ ቋጠሯቸውን ሲፈቱ አስተዳዳሪው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ተነገራቸው። ገና ሳንጨርስ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡና ሐምራዊውን ማኅተምና ቁጥሩን አሳዩን። መጽሐፉ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ተነሥቷል፤ ከሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ሳይመጣ አንዲት ነጥብ አትጨመርበትም። ያኔ ፈነዳሁ። የጻፈው ሰው ራሱ መቃውን ይዞ ቆሞ የምን ደብዳቤ ነው፤ ቢሮው ደብዳቤውን እስኪጽፍ የእሳቸውን ዓይን ማን ይጠብቅልናል፤ ለፎቶ የተፈቀደ ገጽ ለባለቤቱ እንዴት ይከለከላል። ሌላም ብዙ አልኩ፣ ቄሶች ፊት የማይባል። አስተዳዳሪው አልተቆጡም፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ ባይ ሽማግሌ ሁሉ ቀለም ይዞ በመጣ ቁጥር ቢፈቅዱ መጽሐፍ እንደማይቀር ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ማንም መጥቶ ላስተካክል ቢለኝ እኔም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ቄሰ ገበዙ ላይ ዞርኩ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሲያነቡት የስም ቦታ ባዶ መሆኑን አንድም ካህን አላየም ወይ?

ቄሰ ገበዙ አይተውታል። መምህራቸውም አይተውታል። ጸሐፊ የተወው ቦታ ምሥጢር ቢኖረው ነው ብለው፣ እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽ ያህል ዝም ማለትን መምህራቸው አስተምረዋቸዋል። አሁን እሳቸው ለዲያቆናቱ የሚያስተምሩት እንደዚያ ነው። የአባቴ ስንፍና በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆኖ ኖሯል።

ይኼ ሁሉ ሲባል ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ባዶው የቱ እንደሆነ ቄሰ ገበዙ በጣታቸው አሳዩዋቸው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ያጻፈችው አክስቴ ናት» አሉ። «ልጂቱም አብራኝ ያደገች ናት። አክስቴ ይኼ መጽሐፍ ሲነበብ በሴቶቹ በር ነበር የምትቆመው። የልጇ ስም በተጠራ ቁጥር መሬት ትስማለች። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ስሙ ይቀራል። ካህናቱን ጠየቀች፤ እኛ የተጻፈውን ነው የምናነበው አሏት። እንግዲያ ልጄን ሰማይ ቤት አልተቀበላትም አለች። ‹ልጄን እስከ ደጁ አድርሰው መለሷት› እንዳለች ነው የኖረችው። የልጇን ተዝካር ሦስት ጊዜ አወጣች። ከነጥቁር የሐዘን ልብሷ ነው የቀበርናት።»

ክስ አልነበረበትም አነጋገራቸው። የሆነውን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት፤ እንዲያውም ምክንያቱ በመገኘቱ ትንሽ የቀለላቸው መሰለኝ። የአባቴ እጅ ባዶው ቦታ ላይ እንዳረፈ ቀረ። እኔ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሴትዮዋ በየዓመቱ ያንን ጥራዝ ስትጠብቅ፣ ምናልባት ዘንድሮ ይጠራ ይሆናል ብላ ጆሮዋን ስታቀና።

አባቴ መቃውን ወደ ቋጠሮው መለሱት። ቄሰ ገበዙን «አንብቡልኝ» አሉ። ቄሰ ገበዙ ወደ አስተዳዳሪው አዩ። ለንባብ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ አስተዳዳሪው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመጨረሻው ጥራዝ የመጀመሪያውን ተአምር ማንበብ ጀመሩ፤ ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ እንደተማሩት ዝም አሉ። አባቴ በዝምታው መካከል ስሙን ጠሩ። የልጂቱን ክርስትና ስም ነው፤ ይኼን ሁሉ ዓመት አልረሱትም። እዚህ አልጽፈውም፤ ቦታው እዚያ ነው።

«ከሴቶቹ በር አይሰማም» አሉ ሽማግሌው።

አባቴ ጮክ ብለው ደገሙት። ከታች ጀልባ ነጂው እየጠራን ነበር፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቄሰ ገበዙ ሙሉውን ሊያነቡ ጊዜ ስለሌለ ምርቃቱን ምርቃቱን ብቻ እየገለጡ አነበቡ፤ አባቴ በየባዶው ጠሩ። አምስተኛው ላይ ሽማግሌው አብረዋቸው አሉት። መጽሐፉ ተከደነ። ባዶው ባዶ እንደሆነ ነው።

አባቴ ከእንግዲህ ወዲያ እዚያ ሲደርሱ ዝም እንዳይሉ፣ ስሙን እንዲጠሩት ቄሰ ገበዙን ለመኑ። ቄሰ ገበዙ «እሺ አባቴ» አሉ። አስተዳዳሪው ደግሞ የቆየ ሥርዓት ስለሆነ ጉዳዩ በሰበካ ጉባኤ መታየት እንዳለበት አስታወሱ። ያንን እሺ አውቀዋለሁ። በየሴሚስተሩ ልጃቸውን ልዩ ትኩረት እንድሰጥላቸው ለሚለምኑኝ ወላጆች የምሰጠው እሺ ነው፤ በደግነት ይባላል፣ ከበሩ አያልፍም። የቄሰ ገበዙን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፤ ጉባኤው ገና አልተሰበሰበም።

ቁልቁለቱን በጥድፊያ ወረድን። አስጎብኚው ከኋላችን ቪውን እንዴት አገኛችሁት አለን። ወጣቶቹ ጀልባው ውስጥ ተቀምጠው ፎቷቸውን ይተያያሉ። ከወደቡ ወደ ጀልባው የሚያሻግረው አንድ ሳንቃ ነው። ነፋሱ ተነሥቶ ሳንቃው ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ከፊት ሆኜ የአባቴን ሁለት እጆች ያዝኩ። ሳንቃው መካከል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አታነብም ብዬ ነው እኮ» አሉኝ። «ትሰማለች ብዬ አላሰብኩም።»

ቀኑን ሙሉ ባገኘሁት ሰው ላይ ሁሉ ስቆጣ ውዬ፣ ቁጣዬ ባለቤቱን ያገኘው እዚህ፣ እጃቸውን ይዤ በማሻግራቸው ሰው ላይ ነበር። ሳንቃው ጠባብ ስለሆነ እጃቸውን አልለቀቅኩም።